የአልፊያ ቢስክሌት እና የእኔ ሜትር

ረቡዕ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964

ዒድ አልፎ ሱቁ ጭር ብሏል። ሁለት ሱሪ ማሳጠር፣ አንድ የኮት ገበር መቀየር... የዛሬ ሥራ ይኸው ነው። ባለፈው ወር ግን ቀና ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። ከኮልፌ አዲስ ልብስ ለብሶ ለሶላት ከወጣው ሰው እኩሌታው የእኔን ስፌት ነው የለበሰው ብል ማጋነን አይሆንም። ቢሆንስ? ለራሴ ነው የምጽፈው።

ከሰዓት በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አስፋልቱን ሳይ፣ የዊንጌት ትምህርት ቤት አስተማሪዎቹ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስቱ፣ በቢስክሌት አለፉ። ጎን ለጎን፣ ሳይቸኩሉ። ሴትየዋ አንድ ነገር ትላለች፣ ሰውየው ይስቃል። ደግሞ እሱ ይላል፣ እሷ ትስቃለች። እስከ መታጠፊያው ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ምን ያህል ወሬ ቢኖራቸው ነው?

እኔና አልፊያ ከተጋባን ዐሥራ አራት ዓመታችን። ልጅ አላህ አልሰጠንም። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ቤት ቁጭ እንላለን። «ሽንኩርት አልቋል።» «ነገ ይመጣል።» አለቀ። ጥል የለም፣ ክፉ ቃል የለም... ዝምታ ብቻ። ሲከብደኝ እሷን ብቻዋን ትቼ ሻይ ቤት እሄዳለሁ። ያሳፍረኛል፣ ግን እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 16

ወሰንኩ። ሁለት ቢስክሌት እገዛለሁ። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለእሷ።

እኔ ወጣት ሳለሁ መርካቶ ለነጋዴ ዕቃ ሳደርስ በቢስክሌት ነበር። እሷም ጅማ ሳለች በወንድሟ ቢስክሌት ትነዳ እንደነበር አንድ ጊዜ ነግራኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ። እሁድ እሁድ በአስኮ አድርገን እስከ ገፈርሳ ውሃ ድረስ እንሄዳለን፣ መንገድ ላይ እናወራለን። ፈረንጆቹ የቻሉትን እኛ ለምን ያቅተናል?

ለአልፊያ አልነግራትም። ድንገት ስታየው ነው ደስታው። ደግሞስ ምኗን እጠይቃታለሁ? ልኳ ደብተሬ ውስጥ አለ። ቁመቷ፣ የእግሯ ልክ፣ የእጇ ልክ... ደብተሩ ቢጠፋ እንኳ ዓይኔ ሜትር ነው። ሰው በሩን አልፎ ሲሄድ አይቼ ሱሪ ልቆርጥለት እችላለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ጋሽ ወዬሳ ጋ ሄድኩ። ዕድሜ ልካቸውን ቢስክሌት ሲጠግኑና ሲሸጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸው እንደ ግራሶው ጥቁር ነው።

አንድ ለእኔ፣ አንድ ለሚስቴ ስላቸው «ባለቤትህስ?» አሉኝ።

«ቤት ናት። ሳታስበው ላስደንቃት ነው።»

«ኧረ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢስክሌት እኮ የሚቀመጥበት ሰው ነው የሚመርጠው፣ ልጄ። አምጣትና ትቀመጥበት። አንድ ሁለቴ ትዙርበት።»

«ልኳን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ጋሽ ወዬሳ። ዐሥራ አራት ዓመት የሰፋሁላት እኔ ነኝ።»

«የለካሃት ቆማ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆማ አትሄድም።»

ለልብስ ሰፊ ስለ ልክ ማስተማር... ለቀባሪው አረዱት! ሳቅሁ። መጀመሪያ ያወጡልኝ ከባድ፣ ጥቁር፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ኋላ የዞረ አሮጌ ነበር። የዘበኛ ካፖርት ይመስላል። አልፊያን እዚያ ላይ? የመረጥኩት ሌላ ነው። አንድ ዓይነት ሁለት፣ ቀጫጭኖች፣ ሰማያዊ። መሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ወገባቸው እንደ ጥሩ ኮት የገባ። የእሷ ብቻ፣ ቀሚሷ እንዳያስቸግራት፣ በመሀሉ ብረት የለውም። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ የባልና ሚስት ልብስ ማለት ነው።

መቀመጫው ብቻ ጠንካራ ነው። እሱ ቀላል ነው፣ እዚህ ልብስ ሰፊ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ የእሷን መቀመጫ አለበስኩት። ለኮት ትከሻ የምጠቀምበትን ስፖንጅ ሦስት ድርብ አድርጌ፣ ከላይ ቀይ ከፋይ። ጠርዙን በእጄ ነው የሰፋሁት። በመዳፌ ስጫነው እጄ ስምጥ አለ። ንጉሥ ቢቀመጥበት አይከፋውም።

ለእሷ ከቀሚስ ሥር የሚለበስ ሰፊ ሱሪም ሰፋሁላት። የእኔን መቀመጫ እንዳለ ተውኩት። ወንድ ነኝ፣ ይቻለኛል።

እሁድ፣ ኅዳር 25

ዓይኗን በመዳፌ ሸፍኜ ወደ ግቢው አወጣኋት። ስታይ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ የፊተኛውን ጎማ በጣቷ ነካ አደረገችው... ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የእኔ ነው?» «የማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

አልረሳችውም! መጀመሪያ ትንሽ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ቀጥ። እስከ ጳውሎስ ሄደን ተመለስን። ሠፈሩ ሁሉ ቆሞ አየን። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋገነት ከበራቸው ላይ «አቤት! አቤት!» ሲሉ ሰማሁ።

«እንዴት ነው?» አልኳት ስንመለስ።

«ጥሩ ነው።»

ወሬ ግን አላወራንም። የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ይሆናል። እጄ ደንዝዞ የሻይ ኩባያው ሊያመልጠኝ ነበር። የስፌት መኪናው ነው። ሃያ ዓመት ቀላል ነው?

እሁድ፣ ታኅሣሥ 2

የአስኮን መንገድ እኩሌታ ሄድን። ከዚያ አልፊያ ወረደችና እየገፋች መሄድ ጀመረች። «ምነው?» ስላት «መራመድ አሰኘኝ» አለች። ቢስክሌት ይዛ መራመድ አሰኛት?

«መቀመጫው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ከፋዩ ያምራል።»

እየገፋን ተመለስን። አንገቴን ይዞኛል። አየሩ ይሆናል።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 9

አልሄድንም። ልብስ አጥባለሁ አለች። ልብስ ማክሰኞ አልነበር የሚታጠበው?

እሁድ፣ ታኅሣሥ 16

«ፋሪዳ ትመጣለች» አለች ጠዋት። ፋሪዳ አስኮ ያለችው እህቷ ናት። ጠበቅን። አልመጣችም። ቢስክሌቶቹ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፣ አንዲት ዶሮ ከፋዩ ላይ ወጥታ ተኝታለች። እኔም ሻይ ቤት ሄጄ መጣሁ። ያንን ሁሉ ለፍቼ ተመልሼ እዚያው! እሁዳችን እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው ማለት ነው። ሲመሽም «ሽንኩርት አልቋል» ልትለኝ ነው።

ሰው አንድ ነገር ብሏት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሴት ልጅ በአስፋልት ላይ በቢስክሌት... ወሬ አይጠፋም። ማን? ያን ቀን በራቸው ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ ሸዋገነት! ተነሥቼ ሄድኩ።

«እትዬ፣ አልፊያን ስለ ቢስክሌቱ የተናገሯት ነገር አለ?»

«እኔን ነው?» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ቀናሁባት እንጂ! ጉልበቴ እሺ ቢለኝማ ከኋላዋ ነበር የምፈናጠጠው። ለመሆኑ እሷን ጠይቀሃታል?»

«ጥሩ ነው ትላለች።»

«አልፊያ ምኑን ነው ጥሩ ነው የማትለው? ባለፈው ጥርሷ ጉንጯን አሳብጦት ‹እንዴት ነሽ?› ብላት ‹ጥሩ ነው› ነው ያለችኝ። ባሏ ነህ፣ ይህን አታውቅም?»

አፍሬ ተመለስኩ። እኔ አላውቅም? እኔ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ቤት ሳልገባ እዚሁ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

የሱቁ ካውያ ስለሞቀ የአልፊያን ቀሚሶች ልተኩስላት ይዤ መጣሁ። ሰማያዊውን ስገለብጥ ብብቱ ሥር... የእኔ ስፌት አይደለም። ተተርትሮ፣ ማስፊያ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ገብቶበት፣ በእጅ መርፌ ተሰፍቷል። ቀለሙ ተመሳስሎ። ካልገለበጡት አይታይም። አረንጓዴውን ገለበጥኩ። እሱም። አበባ ያለበትን። እሱም። ባለፈው ዒድ የሰፋሁላትን... እሱም!

አራት ቀሚስ፣ ስምንት ብብት። ጥቃቅን፣ እኩል እኩል የሆነ ስፌት ነው። እኔ ራሴ ብሰፋው ከዚያ አይበልጥም።

ካውያው ጠረጴዛው ላይ ረስቼው የሰው ሱሪ አቃጠልኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኼ ነው። የኮልፌ ሰው ሁሉ በልኩ ለብሶ ሲሄድ፣ የገዛ ሚስቴ...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 19

ዛሬ ሱቅ አልከፈትኩም። ቁርስ እንደበላን ሰማያዊውን ቀሚስ ገልብጬ ፊቷ ዘረጋሁት። አልካደችም።

«ስንቱን ነው?»

«ሁሉንም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቢጫው።»

ቢጫው እንደተጋባን መጀመሪያ የሰፋሁላት ነው። መቀመጥ ሲያቅተኝ ተነሣሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም? አንድ ቃል ብትይኝ...»

«ስታለብሰኝ የራስህን ፊት አይተኸው አታውቅም» አለች። «እኔ ነኝ የማየው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄድና ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ፊትህ ይበራል። ያንን ፊት ማጥፋት አልፈለግኩም። ጥሩ ነው እልሃለሁ፣ ሱቅ ስትሄድ እተረትረዋለሁ።»

ልቆጣ ፈለግሁ፣ ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም። አለቀስኩ መሰለኝ። ከዚያ «ቢስክሌቱስ?» አልኳት።

ቀሚሱን እያጣጠፈች ነው የመለሰችው።

«ያመኛል።»

አንዴ ከጀመረች ወዲያ ግን! ስፖንጁ ውስጥ ስትሰምጥ ጭኗን ይልጣታል። ስፖንጁ መቀመጫውን ከፍ ስላደረገው ስትቆም እግሯ መሬት አይደርስም፣ እንዳትወድቅ ትፈራለች። መሪው ዝቅ ስላለ ወደ ፊት ስትደፋ ያ ቁራጭ የገባበት ቀሚስ እንኳ ብብቷን ይቆርጣታል፣ አንገቷን ያማታል። ፍሬኑን ለመያዝ ጣቷ አይደርስም። እኔ ደግሞ ጣቷን ለክቼ አላውቅም፣ የጓንት ሰፊ አይደለሁማ።

«አንተስ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ኩባያ መያዝ አቅቶህ አይቻለሁ። አንገትህን ስታሽ አይቻለሁ። ስጠይቅህ የስፌት መኪናው ነው አልከኝ። የስፌት መኪናው እሁድ እሁድ ብቻ ነው እንዴ የሚያሳምምህ?»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሁለት ውሸታም፣ ሁለት ሰማያዊ ቢስክሌት! ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 21

ከጁምዓ በኋላ ሁለታችንም ቢስክሌታችንን እየገፋን ጋሽ ወዬሳ ጋ። ከፋዩን ሲያዩ ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ማን ነው የሰራው?»

«እኔ። በእጄ ስጫነው በጣም የሚመች ነበር...»

«በእጅህ ነው እንዴ የምትቀመጠው?»

አልፊያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር አለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ጋሽ ወዬሳ ጣታቸውን ከፋዩ ውስጥ ሰክተው አሳዩኝ። ስፖንጅ ሲበዛ አጥንቱ ይሰምጣል፣ ሥጋው ይታሻል። ሰው የሚቀመጠው በሁለት አጥንት ነው፣ መቀመጫው እነዚያን ሁለቱን መሸከም ነው ያለበት። ይለስልስ ሳይሆን ይስፋ። ከዚያ እኔን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ፣ ልጄ? ተናገሪ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

አራት ቢስክሌት ሞከረች። እየወጣች፣ እየዞረች፣ እየወረደች። «ይኼ ይርቀኛል።» «ይኼ ያጎነብሰኛል።» በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም! አምስተኛው ያ የዘበኛ ካፖርት ነው። ጥቁሩ። የመቀመጫው ቆዳ ሰፊ፣ ከሥሩ ሁለት ሞላ ያለው፣ ጎማው ወፍራም፣ መሪው ወደ ኋላ የዞረ። ተቀመጠች። ቀጥ አለች። ዞረች። አንዴ ደግማ ዞረች። አልወርድም አለች።

ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩና «ምኑ ተመቸሽ?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ማንንም ሰው ጠይቄ አላውቅም። ደንበኛን እንኳ።

«መንገዱን አየዋለሁ» አለች። «በፊት የማየው ጎማውን ነበር። ስቆም ደግሞ የእግሬ ጣት መሬት ይነካል።»

ሰማያዊውን በጥቁሩ ለወጥን። ለእኔም መሪውን አውጥተው ከፍ ያለ ገጠሙልኝ፣ መቀመጫውንም በሰፊ ቆዳ ቀየሩት። «አሁን ታወራላችሁ» አሉ ጋሽ ወዬሳ ብሎኑን እያጠበቁ። «አጎንብሶ ማን ያወራል?»

ስለ ወሬው ምንም አልነገርኳቸውም ነበር። ከየት አወቁ?

እሁድ፣ ታኅሣሥ 23

አስኮ ደረስን! ፋሪዳ ቤት ሻይ ጠጥተን ተመለስን። እጄ አልደነዘዘም። ኩባያውን በሁለት ጣት ያዝኩት።

መንገድ ላይ አወራች። የጅማውን ቢስክሌት። ወንድሟ የነጠላዋን ጫፍ ከመቀመጫው ሥር አስሮ፣ እሱን ይዞ ከኋላዋ እየሮጠ ነበር ያስተማራት። አንድ ቀን ነጠላውን ለቆት፣ እሷ ሳታውቅ ብቻዋን ገበያውን ዞራ መጣች። አባቷ ሰማ። በማግስቱ ቢስክሌቱን ሸጠው።

«ምን አልሽው?»

«ጥሩ ነው አልኩት።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጳውሎስ ዝም አልን። ይህ ዝምታ ግን የድሮው እሁድ ዓይነት አልነበረም።

ኀሙስ፣ ጥር 4

ጋሽ ወዬሳ ኮት ሊያሰፉ መጡ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳደረግኩ «ቀጥ ብለው ይቁሙ» ስላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ቁጭ ብዬ ለካኝ።»

ለካኋቸው። ተቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው። ጀርባው ቆመው ከሚሆነው አራት ጣት ይለያያል! አራት ጣት! ስንቱ ደንበኛዬ ነው ሃያ ዓመት ሙሉ እጁን ሳያነሣ የኖረው?

ከዛሬ ጀምሮ ሱቄ ውስጥ በርጩማ አለ። መጀመሪያ ይቆማሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ «የት ነው የሚይዝዎት?» እላለሁ። አንዳንዱ ግራ ይገባዋል። ይግባው። ከእኔ የተሻለ ሰፊ በፊትም አልነበረም፣ አሁን ደግሞ ጨርሶ የለም።

እሁድ፣ ጥር 14

ገፈርሳ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዘን ሄድን። ውሃው ዳር ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ዳገቱ ላይ እሷ ቀደመችኝ። በዘበኛ ካፖርት! ዞር ብላ «ምነው ከሊፋ፣ የስፌት መኪናው ነው?» አለችኝ።

ስንመለስ ከፊት ሆና ደወሏን በየመንደሩ ታቃጭላለች። ጉሮሮዬ ደርቆ እስኪቀር አወራሁ። ስለ ምን? አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

አረፋ ደርሷል፣ ሱቁ አፍ እስከ ገደፉ ሰው ነው። ቢሆንም የአልፊያን ቀሚስ ከሁሉ አስቀድሜ ጨረስኩ። ቡና ዓይነት ቀለም፣ ክንዱ ላይ ጥልፍ። በዚህ ጊዜ በደብተሩ አልሰራሁም። እንደ አዲስ ለክቻታለሁ፣ ቆማ፣ ተቀምጣ፣ መሪ እንደያዘች አድርጋ እጇን ዘርግታ። ስህተት ሊኖረው አይችልም አልኩ።

አለበስኳት። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ፣ ግን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አልፊያ እጇን ወደ ላይ አነሣች፣ ወደ ፊት ዘረጋች። ፊቴን አየችው። ‹ጥሩ ነው› ልትለኝ ነው። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ እሁድ...

«ከሊፋ» አለች። «የቀኙ ብብት ይይዘኛል።»

«የትኛው ጋ?»

«እዚህ ጋ። ና፣ እይ።»

ሳምኳት። ደንበኞቹ ውጭ እየጠበቁ! ከዚያ መቀሱን አንሥቼ የራሴን ስፌት በራሴ እጅ ተረተርኩት። እሷ ቁራጩን ጨርቅ ያዘችልኝ።

ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰፋሁትን ሁሉ የወደደች ሚስቴ ዛሬ የሰፋሁትን አልወደደችውም። አልሐምዱሊላህ።